የምነካው፣ የማየው፣ የማልነካው፦ ያላደላ ሙከራ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት የጠመቅነው ጠላ ኮመጠጠ። እንግዳ ፊት አንገት የሚያስደፋ ነበር። ቤት ውስጥ ወዲያው ክርክር ተነሳ። አማቴ «ጌሾው ነው፤ ከማታውቁት ነጋዴ ትገዛላችሁ» አሉ። ባለቤቴ ውሃውን ጠረጠረች። ያን ሳምንት ቧንቧ ጠፍቶ ከምንጭ ነበር የቀዳነው። ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ ጋኑን አሸተተችና «ይኼ መች ታጠነ? ወይራው አልደረሰውም» አለች። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። የሳይንስ መምህር ነኝና እንድፈርድ ነው።

መፍረድ አልቻልኩም። ጌሾው ተቀይሯል፣ ውሃው ተቀይሯል፣ አጠናኑም ተቀይሯል። ሦስት ነገር በአንዴ ሲቀየር ጥፋተኛውን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ የፈለገው ሊቅ ይምጣ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ታሪኩን ለ7ኛ ክፍል ነገርኳቸው። ስለ ተለዋዋጮች፣ ማለትም በሙከራ ውስጥ ሊቀየሩ ስለሚችሉ ነገሮች፣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ካስተማርኩት ሁሉ ያን ቀን የተሻለ ገባቸው። እናቱ ጠላ ስትጠምቅ ያላየ ልጅ እኛ ጋ የለም። ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ባለች ትንሽ ከተማ ነው የማስተምረው። ቤተ ሙከራ አለን እንላለን። ክፍሉም አለ፣ ቁልፉም አለ፤ ውስጡ ያለው ግን የተሰበረ ዴስክ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በጣሳ፣ በሲባጎና በገብስ የሚሠራ ነው። ለመምህራን ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ልጁን የቤት ሥራ የሚያግዝ ወላጅም ይጠቀምበታል።

ስሙን ቆይታችሁ አምጡ

መጽሐፉ «ነፃ ተለዋዋጭ»፣ «ጥገኛ ተለዋዋጭ» እና «ቁጥጥር የሚደረግበት ተለዋዋጭ» ይላል። ቃላቱ ትክክል ናቸው። ግን በእነሱ ከጀመራችሁ ልጆቹ ቃሉን ሸምድደው ነገሩን ይስታሉ። አንድ ዓመት «ጥገኛ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ያለ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እንደ ኮሶ ትል ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ ግን ከምሩ ነበር የጠየቀው። ባዮሎጂ ላይ «ጥገኛ ተውሳክ» የተማረው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ምን ያድርግ?

ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌላ ስም እጠቀማለሁ። ሰሌዳውን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። አንደኛው «የምነካው» ነው፤ እኔ ሆን ብዬ የምቀይረው አንድ ነገር። ሁለተኛው «የማየው» ነው፤ በዚያ ምክንያት ይቀየር እንደሆነ የምለካው። ሦስተኛው «የማልነካው» ነው፤ ሊቀየር የሚችል ግን ባለበት የማቆየው ሁሉ።

ጠላውን እንሞክርበት። ጌሾውን ነው የጠረጠርነው እንበል። የምነካው ጌሾው ነው፤ የድሮው ነጋዴና የአዲሱ ነጋዴ። የማየው ጠላው በስንተኛው ቀን እንደኮመጠጠ ነው። የማልነካውስ? እዚህ ላይ ልጆቹን ልቀቋቸው። ውሃው፣ የውሃው መጠን፣ ብቅሉ፣ አሻሮው፣ እንስራው፣ ወይራው፣ የታጠነበት ደቂቃ፣ የተቀመጠበት ክፍል፣ ጥንስሱ የቆየበት ቀን፣ ክዳኑ። አንዷ ልጅ «ጠማቂዋም» አለች። ልክ ናት፤ የሴቱ እጅ ይለያያል ይባል የለ።

ሦስተኛው ረድፍ ሁልጊዜ ከሌሎቹ መርዘም አለበት። የአንድ ቡድን ወረቀት ላይ እዚያ ሁለት ነገር ብቻ ካየሁ ሳላነበው እመልሰዋለሁ። ገና አላሰቡም ማለት ነው።

ይህ ከገባቸው በኋላ የመጽሐፉን ስሞች አምጡና ከላይ ጻፏቸው። ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነውና ማወቅ አለባቸው። «ጥገኛ» ያልነው የምነካውን ተጠግቶ ስለሚቀየር ነው በሏቸው። የኮሶው ነገርም በዚያው ይረሳል።

ጥያቄው ካልተሳለ

ልጆች የሚያመጡት ጥያቄ «አመድ ለጎመን ጥሩ ነው?» ዓይነት ነው። «ጥሩ» በማስመሪያ አይለካም። ቅጠሉ ይስፋ፣ ቁመቱ ይርዘም፣ ቶሎ ይብቀል፣ አልታወቀም። «ተክል ለምን ያድጋል?» የሚለውም ለሙከራ አይሆንም፤ የሚነካ ነገር የለውም።

ባዶ ቦታ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ስጧቸው፦ «____ን ብቀይር ____ ምን ያህል ይለወጣል?» ሁለቱም ባዶዎች በአንድ በአንድ ነገር መሞላት አለባቸው። «የአመዱን መጠን ብቀይር የጎመኑ ቁመት በ21 ቀን ውስጥ ምን ያህል ይለወጣል?» ይኼ ይሠራል። «አፈሩንና ውሃውን ብቀይር» ብሎ የሚመጣ ቡድን አይጠፋም። እሱን ወደ ጠላው ታሪክ መልሱት።

በመጀመሪያ ዘር አታብቅሉ

ብዙ መምህር የሚጀምረው በባቄላ ነው። እኔ አልመክርም። ባቄላ ሳምንት ይፈጃል። ልጁ ስህተቱን የሚያየው ምን እንዳደረገ ከረሳ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ቢበላሽ አሥር ደቂቃ ውስጥ የሚደገም ነገር ይሻላል። ለእኔ ከፔንዱለም የሚበልጥ አላገኘሁም።

ሲባጎ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያና የስልክ ሰዓት ያስፈልጋል። ሲባጎውን ከዴስክ ጠርዝ አንጠልጥሉ፤ ጫፉ ላይ ባትሪውን እሰሩ። አንድ ሜትር ለሚሆነው ከመስኮት ፍርግርግ ማንጠልጠል ይሻላል። ጥያቄው፦ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚቀይረው ምንድን ነው? ልጆቹ ክብደቱን፣ የክሩን ርዝመትና ምን ያህል ተስቦ እንደተለቀቀ ይጠራሉ። አብዛኞቹ የሚወራረዱት በክብደት ነው።

መላምታቸውን በእስክሪብቶ አስጽፏቸው። በእርሳስ ከሆነ ውጤቱ ሲመጣ ላጲስ ይወጣና ሁሉም «እኔ ብያለሁ» ባይ ይሆናል። የተሳሳተ መላምት ነጥብ እንደማያስቀንስ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የምራችሁን መሆኑንም አሳዩዋቸው።

በርዝመት ጀምሩ። 25 ሴንቲ ሜትር፣ 50 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር። ርዝመቱ የሚለካው ከተንጠለጠለበት እስከ ባትሪው መሃል ድረስ ነው፤ እስከ ቋጠሮው አይደለም። ባትሪው ያው አንድ ነው። ሁልጊዜ አራት ጣት ያህል ብቻ ስባችሁ ልቀቁ፤ አብዝታችሁ ከሳባችሁት ምልልሱ በጥቂቱ ይዘገያል። ሲለቀቅ መግፋት የለም።

አንድ ምልልስ ብቻ አትለኩ፤ አሥር ምልልስ ቁጠሩና ለአሥር አካፍሉ። አውራ ጣታችን ሰዓቱን ለመጫን ይዘገያል፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። የአንድ ሰከንድ ነገር ስንለካ ያቺ መዘግየት ውጤቱን ታበላሸዋለች። በአሥር ስትካፈል ግን አትጎዳም።

ውጤቱ እንዲህ አካባቢ ይመጣል፦ በ1 ሜትር አሥሩ ምልልስ 20 ሰከንድ፣ በ50 ሴንቲ ሜትር 14፣ በ25 ሴንቲ ሜትር 10። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ልጆቹ ክሩ በግማሽ ሲያጥር ጊዜውም በግማሽ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። አይደለም። ጊዜው በግማሽ የሚቀንሰው ክሩ ሩብ ሲሆን ነው። ይህን ሰንጠረዣቸው ላይ ራሳቸው ሲያገኙት ደስ ይላል፤ አትንገሯቸው።

ከዚያ ክብደት። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። «ባትሪ ጨምሩ» ስትሏቸው ከስድስቱ ቡድን ሁለት ሦስቱ ሁለተኛውን ባትሪ ከመጀመሪያው ሥር ያስሩታል። ይለካሉ። «ቲቸር፣ ሲከብድ ይዘገያል!» ይላሉ። ሌሎቹ ባትሪዎቹን ጎን ለጎን በፕላስተር አጣብቀዋቸዋል፤ እነሱ ምንም ልዩነት አላገኙም። እኔ ዝም እላለሁ። ሁለቱን ቡድኖች ፔንዱለማቸውን ይዘው ፊት ለፊት እንዲቆሙና በአንድ ጊዜ እንዲለቁ አደርጋለሁ። ጭቅጭቁ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ አንዱ ማስመሪያ ያነሳል። ከሥር የታሰረው የባትሪዎቹን መሃል ወደ ታች አውርዶታል፤ ማለትም ክሩ ረዝሟል። ክብደት የነኩ መስሏቸው ሁለት ነገር ነክተዋል። ክብደት ለብቻው ጊዜውን አይቀይረውም።

«የማልነካው» የሚለው ረድፍ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ሳትፈልጉት የሚቀየረውን ነው መፈለግ ያለባችሁ።

ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ የቆየው የእኔ ስህተት

እኔም ከዚያ አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት ኅዳር ላይ ከ8ኛ ክፍል ጋር የአመዱን ሙከራ ሠራን። ስድስት ጣሳ፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ የጎመን ዘር። ለሦስቱ ሁለት ሁለት ማንኪያ አመድ ጨመርን። የመስኮቱ ደፍ የሚይዘው ሦስት ጣሳ ነው። ስለዚህ አመድ ያለባቸውን መስኮቱ ላይ፣ የሌለባቸውን ሰሌዳው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጥን። ቦታ ስላልነበረ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

በሦስት ሳምንት አመድ ያለባቸው በደንብ ረዘሙ። ደስ አለን። ልጆቹ በትልቅ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሠርተው «አመድ የጎመንን እድገት ይጨምራል» ብለው ለጠፉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እንደገና ልንሠራው ጣሳዎቹን አዘጋጀን። አመዱን የምናመጣው ከሻይ ቤቱ ነበር። ያን ሳምንት ሻይ ቤቱ ተዘጋ። «ሲከፈት እንጨምራለን» ብለን ተከልነው፤ ከዚያ የአጋማሽ ፈተና መጣና ረሳነው። ሦስቱ መስኮት ላይ፣ ሦስቱ ወለል ላይ፣ አመድ የሚባል የለም። በሦስት ሳምንት የመስኮቶቹ በደንብ ረዘሙ።

ኅዳር እኛ ጋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ደጅ ያደረ የሳፋ ውሃ በስሱ በረዶ ይለብሳል። ባቄላ በውርጭ የሚመታበት ጊዜ ነው። የሲሚንቶ ወለሉ እስከ እኩለ ቀን ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱ ግን ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። እኛ የለካነው ፀሐይንና ቅዝቃዜን ነበር፤ ስሙን «አመድ» አልነው።

አመድ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ የአፈር አሲድነትንም ይቀንሳል። የእኔ ሙከራ ግን ያሳየው መስኮትን ነው። ወረቀቱን ስነቅለው ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀረ፤ ሌላ ነገር እስክንለጥፍበት ድረስ ባየሁት ቁጥር ይከነክነኝ ነበር።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ጣሳዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ አመድ ያለው፣ የሌለው፣ ያለው፣ የሌለው እየተባለ። ጠዋት ጠዋት ተረኛው ልጅ መጨረሻ ላይ ያለውን ጣሳ አንስቶ መጀመሪያ ያደርገዋል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ቦታ ይገፋሉ። መስኮት ካለ ሁሉም ይደርሰዋል፤ ጥግ ካለም ሁሉም ይደርሰዋል። ጣሳው ላይ «አመድ» ብሎ መጻፍ ቀርቷል። ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ የትኛው ፊደል ምን እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። የሚለካው ልጅ የማንን እንደሚለካ አያውቅም። ልጅ ስለሚዋሽ አይደለም። እንዲረዝምለት የሚፈልገውን ተክል ማንም ሰው ማስመሪያውን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ይለካዋል። እኔም አድርጌዋለሁ።

ስለ ማነጻጸሪያው ደግሞ አንዲት ነገር። ፍግ በውሃ በጥብጠው ለአንዱ ጣሳ የሚሰጡ ልጆች ለሌላው ምንም አይሰጡም። ስለዚህ አንዱ ፍግም ውሃም አገኘ። ማነጻጸሪያ ማለት የተተወ ማለት አይደለም። ፍግ የሌለበት ንጹሕ ውሃ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ሰዓት ይሰጠዋል።

ብቅል

አሁን ወደ ዘር መሄድ ይቻላል። ባቄላውን ተዉትና ገብስ ያዙ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ፍሬው ብዙ ነው፣ ነገሩም ለልጆቹ አዲስ አይደለም። ገብስ ነክራ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ሞቅ ያለ ቦታ የምታስቀምጥ እናት ሙከራውን ቀድማ ሠርታዋለች። ጥያቄያችን፦ ሙቀቱን ብንቀይር በየቀኑ የሚበቅለው ፍሬ ብዛት ምን ያህል ይለወጣል?

እያንዳንዱ ቡድን 100 ፍሬ ይይዛል። ሃምሳው ትምህርት ቤት ይቀራል፤ ሃምሳው ከቡድኑ የአንዱ ልጅ ቤት ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። ገብሱ ከአንድ ጆንያ መሆን አለበት። በቅርብ የታጨደ ገብስ ቶሎ ላይበቅል ይችላል፤ ከአምናው ጋር ከተቀላቀለ ጉድ ነው። አከፋፈሉን ለልጆቹ ምርጫ አትተዉት፤ እጃቸው ሳያውቁት ወፍራም ወፍራሙን ወደሚወዱት ይወስዳል። ሰፌድ ላይ አደባልቃችሁ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እያላችሁ ቁጠሩ።

ሁለቱም በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላሉ፤ ውሃው መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይለካል፤ ለሁለቱም 10 ሚሊ ሊትር። ምድጃ አጠገብ ያለው ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ሙቀቱን ስትነኩ እርጥበቱንም ነክታችኋል፤ ባትሪውን ከሥር እንዳሰሩት ልጆች ማለት ነው። መፍትሔው ሁለቱንም በፌስታል አልብሶ ለአየር ትንሽ ቀዳዳ መተው ነው። የምድጃው ጥግ ጨለማ፣ ክፍሉ ብርሃን ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ካርቶን ውስጥ ክተቱ። «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» ብቻ ብላችሁም አትለፉ። ቴርሞሜትር ካለ ቁጥሩ በየቀኑ ይጻፍ።

«በቀለ» ማለት ምን ማለት ነው? በመጀመሪያው ዓመት ይህን አልወሰንኩም ነበር። ያንኑ አንድ ጨርቅ ሁለት ልጆች ቆጥረው አንዱ 38፣ አንዱ 21 አመጣ። አንዱ ጫፉ ነጣ ያለውን ሁሉ ቆጥሯል፤ ሌላው ሥሩ ወጥቶ የታየውን ብቻ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ሥሩ 2 ሚሊ ሜትር ካልሞላ አይቆጠርም። ይህ የሚወሰነው ገብሱ ከመነከሩ በፊት ነው።

ቆጠራው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። ሳምንት ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ከቆጠራችሁ ሁለቱም በቅለው ታገኟቸዋላችሁና «ሙቀት ለውጥ አያመጣም» ትላላችሁ። ገብስ ብርድ ይችላል፤ ይዘገያል እንጂ ይበቅላል። ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ ደግሞ ዶሮ አለች። የአንድ ልጅ ጨርቅ ወደ ክፍል ሲመለስ 50 የነበረው ፍሬ 31 ሆኖ መጣ። ልጁ ብልጥ ነው፤ «በመቶኛ እናስላው፤ ከ31ዱ 26ቱ በቅሏል» አለ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ክፍሉን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ዶሮዋ የምትመርጠው የትኛውን ነው? የበቀለውን ለስላሳውን ወይስ ደረቁን? ከመረጠች የቀረው 31 የመጀመሪያው 50 ወኪል አይደለም። አላወቅንም። ውጤቱን ከሰንጠረዡ አላጠፋነውም። በአንድ መስመር ሰረዝንበትና አጠገቡ «ዶሮ» ብለን ጻፍን። አማካዩ ውስጥ ግን አላስገባነውም። አምስት ቡድን ቀርቶልን ነበር።

ለዚህም ነው ስድስቱ ቡድን አንድ ዓይነት ሙከራ የሚሠራው። አንዳንድ መምህር ለየቡድኑ የተለያየ ርእስ ይሰጣል፤ ክፍሉ ሲያዩት ያምራል። እኔ ስድስት ጊዜ የተደገመ አንድ ሙከራን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ የመርከበኞቹን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1747 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ስከርቪ የያዛቸው 12 መርከበኞች ወሰደ። ስከርቪ ድድ የሚያደማ፣ ሰውነት የሚያልፈሰፍስ፣ የሚገድል በሽታ ነው። ሁሉንም አንድ ቦታ አስተኛ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ሰጠ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ ለየጥንዱ የተለያየ ነገር ጨመረላቸው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውሃ፣ ለአንዱ ብርቱካንና ሎሚ፣ ለሌሎቹም ሌላ ሌላ። የብርቱካኖቹ በጥቂት ቀን ተነሱ። ልጆቹ ከሁሉ የሚያዝኑት ለባሕር ውሃ ጠጪዎቹ ነው። ሦስቱን ረድፍ እንዲሞሉት አድርጉ፤ ለፈተና ጥያቄም ይሆናል። ከዚያ «ሁለት ሰው ይበቃል?» በሏቸው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን በይፋ የተቀበለው በ1795 ነው።

ሁሉንም መያዝ ሳይቻል ሲቀር

አንዳንዴ የማልነካው የሚለው ረድፍ ከአቅም በላይ ይሆናል። የ8ኛ ክፍል ልጆች አንድ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ አመጡ። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጋ የከረመች ልጅ «እዚያ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል» አለች። እውነት ከፍታው ነው ወይ?

የማብሰያውን ጊዜ እንለካ አሉ። ረድፉን ስንሞላ ግን ተስፋ አስቆረጠን። እኛ የምናነደው ኩበት ነው፣ እነሱ እንጨት። ድስቱ ይለያያል፣ ባቄላው ይለያያል፣ የተዘፈዘፈበት ሰዓት ይለያያል። «በሰለ» የሚለውም እንደ አፉ ነው። እነዚህን ሁሉ በሁለት ከተማ እኩል ማድረግ አይሆንልንም።

እንዲህ ሲሆን የምነካውን ሳይሆን የማየውን ቀይሩ። የማብሰያውን ጊዜ ትተን ውሃ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን ለካን። ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ እሳቱ ኩበት ይሁን እንጨት፣ ይንቀልቀል ወይ ይቀዝቅዝ፣ የውሃው ሙቀት ያው ነው። ትልቅ ድስትም ትንሽ ድስትም አንድ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ግማሹ በአንዴ ተራገፈ። የቀረን ንጹሕ ውሃ መጠቀም፣ ያንኑ አንድ ቴርሞሜትር ይዞ መሄድና የድስቱን ታች ሳያስነኩ መለካት ብቻ ሆነ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ 5 ዲግሪ ያህል ልዩነት ጠበቅን። እኛ ጋ 91 አካባቢ ሆነ። ልጅቷ ለእረፍት ስትወርድ ከአጎቷ ጋር ሆና ሸዋ ሮቢት ላይ ለካችና 96 ይዛ መጣች። ሁለቱም ጋ ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የተለካው። ንፍሮው ቶሎ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አላልንም፤ እሱን አልለካንም። ያልነው ውሃው እዚያ ሞቆ እንደሚፈላ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኩሳት የሚለካበትን ቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ ነው፤ ይሰበራል። እሳቱ አጠገብ ትልቅ ሰው ይቁም።

ሲታረም

ከ10 ነው የማርመው። 4ቱ ለሦስተኛው ረድፍ፣ 2ቱ ለሰንጠረዡ፣ 2ቱ የተበላሸውን በግልጽ ለጻፈ፣ 2ቱ ድምዳሜው ከተለካው ካላለፈ። መላምቱ መድረሱ ነጥብ የለውም። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ አያምኑም። «ዶሮ» ብሎ የጻፈው ልጅ 9 ሲያገኝ ግን ሁሉም አመነ። በሚቀጥለው ሙከራ «ዝናብ ገባበት»፣ «ታናሽ ወንድሜ ደፋው»፣ «ሁለት ቀን ረሳሁ» የሚል ጽሑፍ በዛ። ድሮም ይደፋ ነበር፤ አይጻፍም ነበር እንጂ።

ጠላውን እንዳልረሳው። ለፋሲካ ባለቤቴ በሁለት እንስራ ጠመቀች። አንዱ በቧንቧ ውሃ፣ አንዱ በምንጭ ውሃ፤ ጌሾው ከአንድ እስር፣ ብቅሉ አንድ፣ ወይራው ለሁለቱም በሰዓት ተይዞ። ሁለቱም አልኮመጠጡም። አማቴ ሁለቱንም ቀመሱና «ጌሾው ነው አላልኩም?» አሉ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞከርነው አልኩ፤ የሰማኝ የለም።

ለሰኔ ሚካኤል የጌሾው ተራ ነው። ከሁለቱም ነጋዴ ተገዝቷል። እንስራዎቹ ላይ በከሰል «ሀ» እና «ለ» ጽፌባቸዋለሁ፤ የቱ የማን ጌሾ እንደሆነ የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። የሚቀምሱት አማቴ ናቸው።